እና ሌሎችም

ዲኑ አዘዙኝ፦ «የጽሑፎቿን ዝርዝር አዘጋጂ፣
ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ጊዜ አትፍጂ።»
እኔ የመጻሕፍት ቤት ሰው ነኝ፤ ሴገድ፣ ምድር ቤት፣
ቲሳ ወንዝ በሞላ ቁጥር ግድግዳው የሚያልብበት።

መቶ አርባ ሦስት ጽሑፍ። ዶክተር ኤመሼ ሳላንቺ።
ከሳጥን ሳጥን ስዞር፣ ለጠፋች ገጽ፦ «ኧረ የት ነሽ አንቺ!»

ቁጥር አንድ፦ የአይጥ ጣፊያ። ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት።
ስሟ ከሦስት ወንዶች ኋላ፣ ከአንዱ ፊት፤ ዓይን በማያርፍበት።
ቁጥር ሁለት፦ ያው አይጥ፣ ያው ጣፊያ፤ ጥያቄው ግን በቅሎ፦
ዕጢውን የሚያውቀው ሴል ለምን ያልፈዋል ዝም ብሎ፣
ሌባ እንዳየ ጎረቤት በሩን ዘግቶ፣ ነገሩን ለእግዜር ጥሎ?

ይህችኑ ጥያቄ ነው አርባ ዓመት ያላመጠችው፣
አንዴ በአይጥ፣ አንዴ በብልቃጥ፣ ኋላ በሰው የጠየቀችው።

ከሰማንያ ስድስት እስከ ሰማንያ ዘጠኝ ባዶ ነው።
እናቷ ታመው ነበር የሚል አለ፤ ገንዘብ አልቆ ነው የሚልም።
መዝገብ የንስሐ አባት ነው፤ የዘለለውን አይናገርም።
ሰረዝ አድርጌ አለፍኩ።

ቁጥር ሃምሳ ሁለት ላይ ቀይ ማኅተም፦ «ተሽሯል።»
የሻረችው ራሷ። ሁለት መስመር ብቻ፦ «የብልቃጦቹ ምልክት ተቀያይሯል።
ስህተቱ የእኔ ነው።»
ዲኑ «እሱን ተዪው» ብለዋል፤ ተውኩት።

ደግሞ ያ ቃል አለ፣ «እና ሌሎችም»፣ ከየስሙ ጭራ።
ሌሊት ደም የቀዳች ኢቦያ፣ የአይጥ ጎጆ ያጠበ አምብሩሽ፣
እዚያ ውስጥ ናቸው፤ በአጉሊ መነጽር አታገኚያቸውም ፈልገሽ።
አይጦቹንም ልቆጥር ጀምሬ ስድስት ሺህ ላይ ደከመኝ።

ቁጥር መቶ አራት።
እዚህ እጄ ዘገየ።
የሳንባ ካንሰር፣ ሠላሳ ስምንት ሕሙማን፣ አዲሱ መርፌ።
ሥዕል ሦስት፦ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ደረጃ።
አንድ ሰው ሲሞት መስመሩ አንድ እርከን ይወርዳል፣
ሌላ ሰው ሲሞት ሌላ እርከን።
አሥራ አንደኛው ወር ላይ፣ ሁለት ሚሊሜትር ቁልቁል፦
ዴኔሽ ነው። ባሌ።
ትራም ነጂ፣ ዓሣ ይዞ የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ፣
መርፌው ሲገባ ነርሷን፦ «ወታደሮቼ ዛሬም ምሳ ላይ ናቸው?» የሚል።
ሁለት ሚሊሜትር። በማስመሪያ ለካሁት።

ከእሱ ኋላ መስመሩ ጥቂት ይወርድና
ይቆማል፤ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ እስከ ገጹ ጠርዝ ይሄዳል።
በላዩ ትናንሽ ጭረቶች አሉ፦ ጥናቱ ሲዘጋ በሕይወት የነበሩ።
ልቆጣ ሞከርኩ። ጭረቶቹን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ።
አንዷን አውቃታለሁ፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፣
ሚዛን አትሰርቅም፤ ስታስነጥስ ድንኳኑ ይናጋል።

ዓርብ ዕለት ዶክተሯ ራሷ ወረደች፣ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ።
ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።
«ሃምሳ ሁለት የት ሄደ?»
«ዲኑ ለክብርዎ ብለው...»
«መልሺው። ብልቃጡን የቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ ዲኑ አይደሉም።»

ጣቷ ወረደ። መቶ አራት ላይ ቆመ።
ቀና ብላ አላየችኝም።
«አሥራ አንደኛው ወር» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።
እኔም የምለው ስላጣሁ የገጹን ቁጥር ነገርኳት፦
ከሁለት መቶ አሥራ አንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ።
ራሷን ነቀነቀች፤ ትክክል ነው እንደሚል ሰው።

ከሄደች በኋላ ወለሉ ላይ የጃንጥላዋ ውኃ ቀረ።
ሃምሳ ሁለትን መለስኩ፣ ከነቀይ ማኅተሙ።
ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ወረደ፤
ዴኔሽ መቶ አምስት ላይ አደረ።